ፉቱራማ በፍላሽ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ

ጊዜ ለሌላችሁ ፍርዱን አስቀድማለሁ። ሱቁ ከአምስት ሦስት ኮከብ። ፊልሙ፣ ፉቱራማ የሚባለው የአሜሪካ ካርቱን፣ ከአምስት አምስት። በሩ ላይ ያለችው የጀበና ቡና ኮከብ አያስፈልጋትም፣ ተጨማሪ ዱካ ነው የሚያስፈልጋት።

ጊዜ ያላችሁ ተቀመጡ፣ ነገሩ ሰፋ ያለ ነው።

ሱቁ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ስሙን አልጠራም። አንደኛ፣ ከታች የምጽፈው ባለቤቱን አያስደስተውም። ሁለተኛ፣ እኔ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነኝ። የምታውቁት ዓይነት ፊልም ቤት ነው። አንድ ሰው ከነኮምፒውተሩ ብቻ የሚያስገባ ክፍል፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ፣ በሩ ላይ «ፊልም፣ ተከታታይ፣ መዝሙር እንጭናለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን። ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ። ነጠላ ክፍል 5 ብር፣ ሙሉ ሲዝን 40 ብር። የፈቃዱን ነገር ልትጠይቁኝ ከሆነ መልሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ አታድክሙኝ።

ወደ ስሞታዬ ከመግባቴ በፊት ውለታውን ልናገር። ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ይህ ሱቅ ለእኛ ቴሌቪዥንም ዩቲዩብም ነበር። ሰው በሰልፍ ፍላሽ ይዞ ይቆም ነበር። ባለቤቱ ደንበኛውን ያውቃል። የማን እናት የቱርክ ተከታታይ እንደምታይ፣ የማን ልጅ ኳስ ብቻ እንደሚፈልግ፣ ማን «ትርጉም ፊልም ካልሆነ አልወስድም» እንደሚል በቃሉ ይዞታል። ፍላሽህን ሲሰካ መጀመሪያ ቫይረስ ያጸዳልሃል፣ ያውም በነፃ። አንድ ደግ ሕግም አለው፦ የጫነልህ አልሠራ ካለ በሳምንቱ ውስጥ ከተመለስክ ያለ ክፍያ ይቀይርልሃል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፉቱራማ እጃችን የገባው በባለባጃጁ ጓደኛችን ነው። «የሚያስቅ ነገር ጫንልኝ፣ የፈለገው ይሁን» ብሎ ፍላሹን ወርውሮለት ሄደ። ማታ ሲከፍተው ዐይነ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዲት ባለ አንድ ዓይን ሴት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ቆርቆሮ። ሊያጠፋው ነበር። አላጠፋውም። በማግሥቱ ጠዋት ቡና ላይ ሆኖ እየሳቀ ሲያወራ አንድም ሰው አልገባውም፣ ግን አብዛኞቻችን ከሱ ኮፒ አደረግን።

ለማያውቁት በአጭሩ። ፍራይ የሚባል ፒዛ የሚያደርስ ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጨረሻዋ ሌሊት ኒውዮርክ ውስጥ ፒዛ ሊያደርስ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፣ ሰው አቀዝቅዞ የሚያቆይ ማሽን ውስጥ ይወድቃል፣ በሺህ ዓመቱ በ2999 ማብቂያ ላይ ይነቃል። ከዚያ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ውስጥ ይቀጠራል፣ የድርጅቱ ባለቤት ደግሞ የሩቅ የሩቅ የወንድም ልጅ ዘሩ የሆነ ጃጅቶ ያለቀ ፕሮፌሰር ነው። ሺህ ዓመት አልፎም እንጀራው ያው ዕቃ ማመላለስ ሆነ ማለት ነው። ባለባጃጁ ፊልሙን የወደደው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከመካከላችን አንዱን «የኔታ» እንለዋለን። ከተማ ገብቶ አካውንቲንግ ከመማሩ በፊት ዓመታት ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ ነው፣ የኔታ የምንለው ለቀልድም ለአክብሮትም ነው። መጀመሪያውን ክፍል እንዳየ ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ወደኛ ዘመን መለሰው። ታኅሣሥ 21 ቀን 1992፣ ዓርብ። «የገና ጾም፣ ያውም በዓርብ፣ አይብ የተከመረበት ፒዛ ይዞ ሲዞር ምን ሊገጥመው ነበር?» አለ ፊቱን ሳያፈታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉቱራማ የእኛ ሆነ።

አሁን የሱቁ የመጀመሪያ ጥፋት። ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጥፋት የባለቤቱ አይደለም። ይህን ፊልም ማት ግሬኒንግ ከሲምፕሰንስ ቀጥሎ ፈጠረው፣ ዴቪድ ኤክስ ኮኸን ከሱ ጋር ሠራው፣ ፎክስ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1999 ጀመረ። ፎክስ ክፍሎቹን ሲፈልግ እያዘለለ፣ ሲፈልግ እያሸጋገረ አስተላለፋቸው። አራት ሲዝን ተብሎ የተሠራው በቴሌቪዥን አምስት ሲዝን ሆኖ ወጣ። በ2003 (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው) ፎክስ ተወው። ከ2007 እስከ 2009 አራት ረጃጅም ፊልሞች በዲቪዲ ወጡ። ከ2010 እስከ 2013 ኮሜዲ ሴንትራል የሚባል ጣቢያ ወሰደው። በ2023 ደግሞ ሁሉ የሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ቤት አስነሳው። ስሙ እንዲያ ነው፣ ሁሉ፣ እኔ አልቀለድኩም። ስለዚህ አንዱ ሲዝን 4 የሚለውን ሌላው ሲዝን 5 ይለዋል፣ አንዱ 8 የሚለውን ሌላው 11 ይለዋል። ባለቤታችን ከሁለቱም ዓይነት ሰብስቦ አንድ ፎልደር ውስጥ አፍስሶታል። ውጤቱ፣ እኔ ሲዝን 5 ብዬ ከፍዬ የወሰድኩት ግማሹ ቀድሞ ሲዝን 4 ብዬ የከፈልኩበት ነበር። ሃያ ብሬ የት ሄደች? ይህንን ስነግረው «ደግመህ ብታየው ምን አለበት፣ ጥሩ እኮ ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ጥፋት፣ ፊልሙን ያስቀመጠው «የልጆች ካርቱን» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። ቤንደር የሚባለው ሮቦት ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ይሰርቃል፣ ይሳደባል። መጠጣቱ ደግሞ ለሱስ አይደለም፣ ነዳጁ አልኮል ነው። ካልጠጣ ነው የሚንገዳገደው። የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሮቦት ነኝ እያለ የአባቱን አረቄ ጠርሙስ ሲዞር ከረመ። እናቱ እኔን ነው የተቆጣችኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ባለባጃጁ በበኩሉ ነገሩን በቁም ነገር ይዞታል፦ «ነዳጅ ወረፋ ላይ ከማድር ባጃጄ በአረቄ ብትሄድ ምን አለበት፣ አረቄ እንደሆነ እዚህ አገር ወረፋ የለውም።»

ሦስተኛው፣ ሰብታይትሉ ከድምፁ ይቀድማል። ቀልዱን ሳትሰማ አንብበህ ትስቃለህ፣ ከዚያ ሲነገር ዝም ትላለህ። ይህን ለምደነዋል፣ አልፈዋለሁ።

ሱቁን ይዞ ያቆየው ግን በሩ ነው። እትዬ ከበሩ ጎን ጀበናቸውን ጥደው ይቀመጣሉ፣ ፍላሹ እስኪጫን ሁሉም እዚያው ነው የሚጠብቀው። እዚያ ነው ክርክሩ። እትዬ አንድም ክፍል አይተው አያውቁም፣ ግን ሰዎቹን በሙሉ ያውቋቸዋል። ቤንደር «ቆርቆሮው» ነው፣ ዞይድበርግ «ያ ሸርጣኑ ሐኪም» ነው፣ ሊላ «ባለ አንድ ዓይኗ፣ ምስኪን»። ፍራይን፣ ፕሮፌሰሩንና ዞይድበርግን አንድ ሰው፣ ቢሊ ዌስት የሚባል፣ በድምፁ እንደሚጫወታቸው ስንነግራቸው «እንግዲያ ሦስቱ ሲጨቃጨቁ ከራሱ ጋር ነዋ!» ብለው ጀበናቸውን እስኪረሱት ሳቁ።

የሒሳብ መምህር የሆነ ጓደኛችን ደግሞ አለ። እሱ የሚያየው ቀልዱን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው። አንድ ክፍል ላይ ፍራይ ከሺህ ዓመት በፊት ባንክ ውስጥ 93 ሳንቲም ትቶ እንደነበር ይታወሰዋል፣ ወለዱ 2.25 በመቶ ነው፣ ሂሳቡ ሲታይ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ሆኗል። እኛ ሳቅን። መምህሩ ስልኩን አወጣ። 1.0225ን በራሱ ሺህ ጊዜ አባዝቶ በ0.93 ሲያበዛው 4.28 ቢሊዮን መጣለት። ስልኩን ለእያንዳንዳችን እየዞረ አሳየን። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «በሺህ ዓመቱ ጤፍ ስንት ገብቶ ነበር?» መምህሩ ለዚህ መልስ አልነበረውም። (ፍራይ ገንዘቡን ምን አደረገበት? በዓለም ላይ የቀረችውን የመጨረሻ የአንቾቪ ጣሳ በጨረታ ገዛበት። ትንሽዬ የጨው ዓሣ ናት፣ ፒዛ ላይ ለማድረግ።)

ይህ ሒሳብ እንዲያው የመጣ አይደለም። ኮኸን ሃርቫርድ ፊዚክስ፣ በርክሌይ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኬን ኪለር በተግባራዊ ሒሳብ ዶክትሬት አለው። እሱ በጻፈው በ2010 በወጣው አንድ ክፍል ፕሮፌሰሩ አእምሮ የሚያለዋውጥ ማሽን ይሠራል። ችግሩ፣ አንዴ የተለዋወጡ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ደግመው መለዋወጥ አይችሉም። ሁሉም ሰው የማንም አካል ውስጥ ገብቶ ይደበላለቃል። መፍቻውን ኪለር ቀልድ አላደረገውም፣ እውነተኛ የሒሳብ ቲዎረም አረጋግጦ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፦ ሰው የቱንም ያህል ቢደበላለቅ፣ ያልተነኩ ሁለት ሰዎች ከተጨመሩ ሁሉም ወደየራሱ ይመለሳል።

«አይሆንም» አልኩ። መምህሩ የእትዬን አራት ስኒ ደረደረ። አንደኛው ላይ ስኳር መሆን ነበረበት፣ ሁለተኛው ላይ ጨው፣ ግን ተለዋውጠዋል። ሦስተኛው ላይ ጤና አዳም፣ አራተኛው ላይ ፈንዲሻ፣ እነዚህ ያልተነኩት ናቸው። ከዚያ ጀመረ። አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው። ከዚያ አንደኛውን ከአራተኛው፣ ስኳሩ ወደ ቦታው ገባ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ጨውም ወደ ቦታው ገባ። ጤና አዳሙና ፈንዲሻው ቦታ ተለዋውጠው ቀሩ፣ እነሱ ደግሞ ገና እርስ በርስ አልተነካኩም፣ ለዋወጣቸው። አምስት ዙር፣ አንድም ጥንድ አልተደገመም። ባለባጃጁ አጨበጨበ። እትዬ ደግሞ «አሁን ማን ነው ይህን ጨው ያለበት ስኒ የሚያጥበው?» አሉ፣ መምህሩ ተነሥቶ አጠበ። ቤት ሄዳችሁ ሞክሩት።

የኔታ ለቁጥር ግድ የለውም። እሱ እያንዳንዱን ክፍል ሰምና ወርቅ እያለ ነው የሚፈታው። ለምሳሌ ባለ ሰባት ቅጠሏን የዕድል ሣር የያዘው ክፍል አለ። ፍራይ ልጅ ሳለ ያገኛታል፣ ታላቅ ወንድሙ ያንሲ ሁሌ የሱን ነገር ስለሚቀማው ይደብቃታል። ሺህ ዓመት ቆይቶ ሲነቃ፣ ማርስን መጀመሪያ የረገጠ ጀግና ስሙ እንደሱው ፊሊፕ ፍራይ መሆኑን ይሰማል፣ ሣሯንም ይዞ በሐውልት ቆሟል። ወንድሜ ስሜንም ዕድሌንም ሰረቀኝ ብሎ መቃብሩን ሊቆፍር ይሄዳል። የመቃብሩን ድንጋይ ሲጠርገው የወጣው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። የተቀበረው ያንሲ አይደለም፣ የያንሲ ልጅ ነው፣ የጠፋ አጎቱ ስም እንዳይጠፋ ብሎ አባቱ በሱ ስም የሰየመው።

የኔታ ይህን ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሰሙ ሌባ፣ ወርቁ ወንድም» አለ። «ቆፍሮ ነው ያገኘው፣ አያችሁ? ወርቅ ከላይ አይገኝም።» ይህንን ነገር አንድ የአሜሪካ ካርቱን ጸሐፊ እንዳሰበው አላውቅም፣ ለእኛ ግን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው አላገኘንም። እኔ በበኩሌ ሁለት ልጆች በሟች አጎታቸው ስም ሲጠሩ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ። ይህን ግምገማ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው።

በ2002 የወጣ ክፍል ነው። በሱቃችን ፎልደር ውስጥ አንዴ በሲዝን 4 አንዴ በሲዝን 5 ሁለት ጊዜ አለ። ፍራይ ሙዚየም ውስጥ የድሮ ፒዛ ቤቱን ፍርስራሽ ያያል፣ ከፍርስራሹ መሐል ድንጋይ የሆነ ውሻ አለ። የራሱ ውሻ ነው፣ ሲሞር። ፍራይ ሙዚየሙ ደጃፍ እየጨፈረ ተቃውሞ አድርጎ ውሻውን ያስመልሳል። ፍራይ ሙዚየሙ ደጃፍ እየጨፈረ ተቃውሞ አድርጎ ውሻውን ያስመልሳል። ቤንደር ይቀናል፣ ድንጋዩን ውሻ የሚፍለቀለቅ የቀለጠ አለት ውስጥ ይጥለዋል፣ ይጸጸትና ራሱ ገብቶ ያወጣዋል። በመጨረሻ ማሽኑ ሊሠራ ሲል ፕሮፌሰሩ ውሻው የሞተው በ15 ዓመቱ ነው ይላል። ፍራይ ያሰላል። እኔ ስጠፋ 3 ዓመቱ ነበር፣ ከኔ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል፣ የራሱን ሕይወት ኖሮ ረስቶኛል፣ ለምን እረብሸዋለሁ? ብሎ ማሽኑን ያስቆማል።

እኔ ይህን ክፍል ወደድኩት። የበሰለ ነገር ነው አልኩ። ሰው የወደደውን መተው ሲያውቅ ደስ ይለኛል። ባለባጃጁም ከኔ ጋር ነበር። ከማዶ ደግሞ አንዲት ነርስ ጓደኛችንና የኔታ። ነርሷ ፉቱራማዋን ከዚህ ሱቅ አልወሰደችም፣ ባሕር ዳር የምትማር እህቷ በሃርድ ዲስክ ያመጣችላት ነው። የኔታ ከሷ ነው የገለበጠው።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። እኔ «ፍራይ ልክ ነው» እላለሁ።

«አንተ ልብ የለህም» ትላለች።

«ምን አደረግኩ? ውሻው እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል።»

«ያንን ኑሮ ትለዋለህ?»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ድንጋይ!»

የኔታም ራሱን ይነቀንቃል፣ «ይህ ሰው ሰሙን ይዞ ነው የቀረው» ይላል። እኔ ደግሞ ሰዎች ውሻ አይተው ሲያለቅሱ የከተማ ልጅነት ነው እላለሁ፣ እሷም ማርቆስ ነው የተወለደችው። መምህሩ በመሐል ይገባል። በ2007 በወጣው ረጅሙ ፊልም ላይ አንድ የፍራይ ቅጂ ወደ ድሮው ዘመን ተመልሶ ከውሻው ጋር ይኖራል፣ ስለዚህ ውሻው ብቻውን አልነበረም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ነርሷ በዚህ የባሰ ትናደዳለች። ማጭበርበር ነው ትላለች፣ አንዴ ያስለቀሱንን በኋላ መጥተው ቀልዳችንን ነበር አይበሉን። እኔ መምህሩ ስለምን እንደሚያወራ ራሱ አልገባኝም፣ ብቻውን ነበር ያለው ማን ነው? ግን አለመረዳቱን ማን ያምናል፣ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት በዚህ ሄደ። እኔን ሰላም ማለት ሁሉ ቀነሰች። ክርክር ሲያበዛ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የተናገርከውን ሳይሆን አንተን መጥላት ሲጀምሩ ይታወቅሃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ያዘን። የማርቆስ ዝናብ ሲመጣ አይጠይቅም። እትዬ ጀበናቸውን ይዘው ሱቁ ውስጥ ገቡ፣ እኛ አምስታችን ባጃጁ ውስጥ ተጨናንቀን ገባን፣ መምህሩ በባለባጃጁ ጭን ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። እዚያም ተጀመረ። ነርሷ በስተመጨረሻ «እሺ፣ ሌላው ይቅር፣ ያን ዘፈን እየሰማህ ምንም አልተሰማህም?» አለችኝ።

«የምን ዘፈን?»

ዝም አለች። ባለባጃጁ ከፊት ዞረ። «የምን ዘፈን?» አለ እሱም።

ስልኳን አወጣች። የሷ 22 ደቂቃ ነው። የኔን ከፈትኩ። 20 ደቂቃ ላይ ያበቃል። ፍራይ ማሽኑን ያስቆማል፣ አለቀ። እኔ ሁሌም እዚያ ላይ ስዘጋው አለቀ ብዬ እንጂ ተቆረጠ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የሚያምር መጨረሻ ነበር እኮ!

የሷን አየነው። ባለባጃጁና እኔ ጭንቅላታችንን አጋጥመን። ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ሲደበድብ ዘፈኑ አልተሰማም፣ ስዕሉን ብቻ ነው ያየነው። ውሻው ፒዛ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። ቅጠል ይረግፋል፣ በረዶ ይወርዳል፣ ፀሐይ ይወጣል። የፒዛ ቤቱ ባለቤት ያረጃል። ውሻው ያረጃል። ከበሩ አልተነሣም። መጨረሻ ላይ አንገቱን መሬት ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ያው ነው። ቃል የለም። ፍራይ ይህን አያውቅም፣ ረስቶኛል እንዳለ ነው የሚቀረው፣ የሚያውቀው ተመልካቹ ብቻ ነው።

ባለባጃጁ ወደፊት ዞሮ መስታወቱን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። ጭጋጉ ከውስጥ ነበር፣ እሱ ግን የሚጠርገው ከውጪ እንዳለ ዓይነት በኃይል ነው። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ነርሷ «ይቅርታ፣ ድንጋይ ያልኩህ» አለች፣ ከዚያ ደግሞ «ግን ትንሽ ነህ» ብላ ጨመረች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት የተለያየ ፊልም አይተን ነው የተጣላነው። ስለዚህ ለሱቁ የሰጠሁት ሦስት ኮከብ ከየት እንደመጣ ገባችሁ። በዚህ ከተማ ከዚያ ፎልደር ያን ክፍል የወሰደ ሰው ሁሉ፣ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ሲሞር ጌታውን ረስቶ በደስታ የኖረ ውሻ ይመስለዋል። መንገድ ላይ ሳያቸው እጃቸውን ይዤ ልነግራቸው ያምረኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ገብተን ለባለቤቱ ነገርነው። «ኧረ ሙሉ ነው» አለ። «ማሽኑን ሲያስቆም ነው የሚያልቀው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።» ሲያወርደው ተቋርጦበት ይሁን ወይ ከሌላ ሰው ተቆርጦ ደርሶት ይሁን እሱም አያውቅም። ነርሷ ስልኳን ሰጠችው። በኬብል አገናኝቶ ገለበጠው፣ መሥራቱን ሊያረጋግጥ መጨረሻው ላይ ከፈተው። በድምፅ ማጉያው ዘፈኑ ወጣ። ኮኒ ፍራንሲስ ናት የምትዘፍነው፣ እጠብቅሃለሁ ነው ነገሩ። ያኔ ነው እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። እትዬ ጀበናቸውን እንደያዙ ስክሪኑን አዩት፣ የመጀመሪያቸው ነው፣ «ይህ ደግሞ የማን ውሻ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። ማንም አልመለሰላቸውም። አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ ገባና «ጋሼ፣ አዲስ የቱርክ መጥቷል?» አለ። ባለቤቱ እጁን አነሳ፣ ቆይ ማለቱ ነው። ልጁም ቆሞ አየ።

ሲያልቅ አሮጌውን ፋይል ሁለቱንም ቦታ ፈልጎ አጠፋው። አዲሱን «ውሻው ሙሉ» ብሎ ሰየመው። ስለዚህ አሁን የምትሄዱ ሰዎች ክፍሉን በቁጥር አትጠይቁ፣ «ውሻው ሙሉ» በሉ። የሌላውንም ሁሉ ከሱቁ ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻዋን ደቂቃ እዚያው ከፍታችሁ እዩ፣ እሱ አይቆጣም። ሲዝን 4ን ከወሰዳችሁ 5ን ሙሉውን አትግዙ፣ የጎደለውን በነጠላ አስጭኑ። የልጆች ፎልደር ውስጥ ስላለ ለልጅ ነው ብላችሁ አትሳሳቱ። ቡና ከጠጣችሁ ለእትዬ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ።

ፍላሼን ተቀብሎ አዲሱን ጫነልኝና መለሰልኝ።

«ስንት ነው?» አልኩት፣ ለቀልድ።

«አምስት ብር» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ሳምንቱ አልፏል።»